ቆሞ የሚሞት ሞተር

ካራ ስል በየካ በኩል ወደ ሰንዳፋና ደብረ ብርሃን መውጫ ያለውን ማለቴ ነው፤ ከካራ ቆሬ ጋር የሚያምታታው አይጠፋም። እዚህ መብራት በሄደ ቁጥር ከየሱቁና ከየፀጉር ቤቱ ደጃፍ ትንንሽ ጄኔሬተሮች መንጣጣት ይጀምራሉ። በግንቦት 2011 የግልገል ጊቤ 3 ውኃ ቀንሶ አገሩ በፈረቃ ሲበራ የተገዙ አሉ፤ ለድግስና ለለቅሶ ተብለው የተገዙም አሉ። መብራቱ ሲረጋጋ ማሽኑ ከነቤንዚኑ አልጋ ሥር ይገባል። ከወራት በኋላ ሲፈለግ ገመዱ ቢሳብ ቢሳብ እምቢ። «ሞተሩ አልቆለታል» ይባልና ለቁራሌው ይሸጣል።

በየግቢው የቆርቆሮ ጥግ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዘው እነዚህን ማሽኖች የሚያስነሡ ሰዎች የሚያተርፉት ከዚህች ችኩል ፍርድ ነው። ብዙውን ጄኔሬተር የሚገድለው ሥራ ሳይሆን መቆም ነዋ!

ቤንዚን ሲቆይ ቀላሉ ክፍል ይተንና የቀረው ሙጫ ይሆናል። ካርቡሬተሩ ተፈትቶ ከታች ያለችው ጽዋ ስትወርድ ሽታው ብቻ ይበቃል፤ ያረጀ ቀለም ይሸታል። መሀሉ ላይ ትንሽ ብሎን የምትመስል ነሐስ አለች፤ ቤንዚኑ የሚመጠጠው በእሷ ቀዳዳ ነው። ወደ ፀሐይ አንሥተው ሲያዩባት የመርፌ ጫፍ የምታህል ክብ ብርሃን ማሳለፍ አለባት። ካላሳለፈች በሽታው ተገኘ። አዋቂው በመርፌ አይጎረጉራትም፤ ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል። ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት የመዳብ ክር ይመዝና በቀስታ ያሳልፍባታል፤ ከዚያ በንጹሕ ቤንዚን አጥቦ ይነፋታል። አንዳንዴ ጥገናው በዚሁ ያበቃል።

ቀጥሎ ያለው ጣጣ ዳገቱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ያልፋል፤ ካራ በመካከሉ ነው። ፋብሪካው ግን ያቺን ቀዳዳ የለካት ለቆላ አየር ነው። ሆንዳ በመመሪያዎቹ እንደሚያስጠነቅቀው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3.5 ከመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 2,500 ሜትር ላይ ሲደርስ ከሩብ በላይ ሄደ ማለት ነው። 1,000 ዋት የተጻፈበት ማሽን 700 ላይ ቢንገዳገድ ሻጩን አትርገሙት፤ ተራራው ነው የወሰደው። አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ ያው ስለሆነም ሞተሩ ይታፈናል፣ ማርሚታው ጥቁር ይተፋል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። አዲስ ካንዴላ ቢገዛለትም ብዙ ሳይቆይ ያው ነው። መድኃኒቱ ቀዳዳዋ ጠበብ ያለ ነሐስ መግጠም ነው።

የጠፋውን ጉልበት ልመልስ ብሎ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ብሎን የሚያጠብቅ ጠጋኝ ካጋጠማችሁ ማሽናችሁን ይዛችሁ ውጡ። እነዚህ ጄኔሬተሮች 50 ኸርዝ የሚያወጡት በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞሩ ነው። ከዚያ ሲያልፉ ቮልቱም አብሮ ሊወጣ ይችላል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ቴሌቪዥኑ ነው።

ዘይታቸው ለብቻው የሚሞላላቸው ማሽኖች ብዙዎቹ ዘይት ሲያንስ ሞተሩን የሚያጠፋ ጠባቂ አላቸው። ካራ ላይ ደግሞ ደልዳላ ግቢ ብርቅ ነው። ማሽኑ ያዘመመ መሬት ላይ ሲቀመጥ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይሸሽና ጠባቂው «አለቀ» ብሎ እሳቱን ይቆርጣል። ድንጋይ ከሥሩ አስገብቶ ማስተካከል ብቻ የሚያስነሣው «ሙት» አለ። ዘይትና ቤንዚን ቀላቅሎ የሚጠጣው ትንሹ ዓይነት ይህ ጠባቂ የለውም። ለብዙዎቹ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል፤ ያ ከተረሳ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል።

ሞተሩ ተነሥቶ መብራት አልሰጥ ሲልስ? ሰው ሽቦው ተቃጥሏል ብሎ ይደመድማል። ረጅም ጊዜ የቆመ ከሆነ ግን በሚዞረው ብረት ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ማግኔት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ካርቦን ባላቸው ማሽኖች የቮልት መቆጣጠሪያው ይነቀልና ሞተሩ እየሠራ በ12 ቮልት ባትሪ፣ ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ ኔጌቲቩ ከኔጌቲቭ ሆኖ፣ ለጥቂት ሰከንድ ካርቦኖቹ ይነካሉ። ማግኔቱ ይመለሳል።

ሙከራው ምንጊዜም ደጅ ይሁን፤ ጭሱ ውስጥ ያለው መርዝ ቤት ዘግቶ ከሰል ያነደደን ሰው የሚገድለው ያው ነው። ሁለት ጫፉ ወንድ በሆነ ገመድ ጄኔሬተርን ከቤት ሶኬት የሚሰካም አለ። ኃይሉ በቆጣሪው አልፎ ወደ ምሰሶው ይወጣና መስመር ሲጠግን የነበረውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

ቢየላው ተሰብሮ የሞተሩን ሆድ የበሳው ግን አይነሣም። ካርቡሬተሩ፣ ታንከሩና የገመድ መሳቢያው ለሌላ ማሽን ይቀመጣሉ፤ አሉሚኒየሙ ወደ ምናለሽ ተራ ሄዶ፣ ቀልጦ ድስት ሊሆን ይችላል። መዳቡ ግን ሳይፋቅ አይመዘንም። በርካሽ ማሽኖች ውስጥ መዳብ መሳይ ቀለም የተቀባ የአሉሚኒየም ሽቦ ሞልቷል፤ በምላጭ ጫር ሲደረግ ነጭ ይወጣል።