በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈው፦ የለውዝ አለርጂ ላለበት ልጅ መክሰስ መምረጥ

በአሜሪካ የሚሸጥ አንድ ጥቅል ብስኩት በጀርባው ሁለት ዐይነት መረጃ ይይዛል፤ አንዱ አምራቹ በሕግ ተገድዶ የጻፈው ሲሆን፣ ሌላው በፈቃዱ የጨመረው ነው። ሁለቱም ጎን ለጎን፣ ብዙ ጊዜም በተመሳሳይ ፊደል ስለሚታተሙ እኩል እምነት የሚጣልባቸው ይመስላሉ። ሆኖም የለውዝ አለርጂ ላለበት ልጅ ያ ብስኩት ይሰጠው ወይስ ይከልከል የሚለው ውሳኔ በአብዛኛው የሚያርፈው ማንም በማይቆጣጠረው በሁለተኛው መረጃ ላይ ነው። የአለርጂ መለያ ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ብዙ ዓመታት ቢያልፉም ይህ ክፍተት እስካሁን አልተደፈነም፤ ሸክሙንም የተሸከመው ወላጅ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አለርጂ የሚባለው የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት ለሌላው ሰው ጉዳት የሌለውን ፕሮቲን እንደ ወራሪ ቆጥሮ ሲነሣበት ነው። ልጁ ያንን ፕሮቲን ሲቀምስ ቀድሞ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎች እንዲለቀቁ ያደርጋል፤ በዚህም የተነሣ ቆዳ ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ ከንፈር ያብጣል፣ ማስመለስ ይመጣል፤ ሲብስም የአየር ቧንቧ ይጠብባል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። ይህ የመጨረሻው ደረጃ አናፊላክሲስ ይባላል፤ የመጀመሪያ መድኃኒቱም በጭን ጡንቻ የሚወጋው ኤፒነፍሪን፣ በሌላ ስሙ አድሬናሊን፣ ነው። ከተሜው በተለምዶ ለውዝ የሚለው ኦቾሎኒ ከአፈር ሥር የሚያፈራ የአተርና የሽምብራ ዘመድ ሲሆን፣ ካሹ፣ ዋልነት፣ አልመንድ፣ ፒስታሽዮና ሀዘልነት ግን የዛፍ ፍሬዎች (የዛፍ ለውዞች) ስለሆኑ በዝምድና የራቁ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም አለርጂ ያለባቸው ልጆች ጥቂት አይደሉም። በአሜሪካ በተከታታይ በተደረገ የስልክ ጥናት ለኦቾሎኒ አለርጂ እንዳለባቸው የተነገረላቸው ልጆች በ1997 ከመቶ 0.4 የነበሩ ሲሆን፣ በ2008 ከመቶ 1.4 ደርሰዋል።

በ2004 ጸድቆ ከጥር 1 ቀን 2006 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ ሕግ ወተትን፣ እንቁላልን፣ ዓሣን፣ ሽሪምፕና መሰሎቹን፣ የዛፍ ለውዞችን፣ ኦቾሎኒን፣ ስንዴንና አኩሪ አተርን ዋነኛ የአለርጂ ምንጮች ብሎ በመለየት፣ ከእነዚህ አንዱ በታሸገ ምግብ ውስጥ በግብዓትነት ከገባ በግልጽ ስሙ እንዲጻፍ፣ የዛፍ ለውዝ ከሆነም የትኛው እንደሆነ እንዲጠቀስ አስገድዷል። ይህ ትልቅ ድል ነበር፤ ከዚያ በፊት አንድ እናት «የተፈጥሮ ማጣፈጫ» ከሚለው ጥቅል ስም በስተጀርባ ምን እንደተደበቀ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ነገር ግን ሕጉ የሚናገረው ታስቦበት ስለሚጨመረው ግብዓት ብቻ ነው። ሳይታሰብ ስለሚገባው፣ ማለትም የለውዝ ቸኮሌት ካለፈበት ማሽን ለውዝ ወደሌለው ቸኮሌት ስለሚሻገረው ቅሪት፣ በማሸጊያው ላይ መጻፍን አያስገድድም። «ኦቾሎኒ ሊኖርበት ይችላል» ወይም «ለውዝ በሚያዘጋጅ ፋብሪካ የተመረተ» የሚሉት ማሳሰቢያዎች አምራቹ ከፈለገ የሚጽፋቸው፣ ካልፈለገም የሚተዋቸው ናቸው፤ ከየትኛው መጠን ሲያልፍ መጻፍ እንዳለባቸውም የተወሰነ ነገር የለም። ስለዚህ ማሳሰቢያ የሌለበት ብስኩት ማሳሰቢያ ካለበት የተሻለ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም፤ የመጀመሪያው አምራች ዝም ብሎ፣ ሁለተኛው ተጠንቅቆ ሊሆን ይችላል።

ይህ የቅሪት መሻገር ችግር ከሁሉ የሚከብደው በቸኮሌት ነው። ምክንያቱም ውኃ የቸኮሌት ጠላት ነው፤ ጥቂት እርጥበት ከገባበት ይረጋና ይበላሻል፣ በመሣሪያዎቹ ላይ የቀረ እርጥበትም ለጀርም መራቢያ ይሆናል። በመሆኑም የቸኮሌት መስመሮች እንደ ወተት ወይም እንደ ጭማቂ ማሽን በውኃና በሳሙና ሲታጠቡ አይታዩም፤ በመፋቅ፣ በመጥረግ ወይም ቀጣዩን ቸኮሌት በቧንቧው ውስጥ በማሳለፍና የመጀመሪያውን ክፍል በማስወገድ ይጸዳሉ። ይህ አሠራር ሀዘልነት ከተፈጨበት ቧንቧ ቅሪቱን ሙሉ በሙሉ ያወጣል ብሎ መተማመን አይቻልም። በዓል በመጣ ቁጥር የሚወጡት የልብ፣ የእንቁላልና የዱባ ቅርጽ ያላቸው ቸኮሌቶችም ከተለመደው ቅርጽ በተለየ መስመር ወይም በሌላ ፋብሪካ ሊመረቱ ስለሚችሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ሲበላ የቆየ ከረሜላ በበዓል ልብሱ ሲመጣ እንደ አዲስ ነገር መነበብ አለበት።

የመጠን ጉዳይ መፍትሔ አልባ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያሰባሰቧቸው ባለሙያዎች ለማሳሰቢያ አጻጻፍ መነሻ የሚሆን መጠን አቅርበዋል፤ ለኦቾሎኒ 2 ሚሊግራም ፕሮቲን ነው፤ ይህም ከአንዲት ፍሬ መቶኛ ገደማ ማለት ነው። ስዊዘርላንድ በስሕተት የገባው ቅሪት በኪሎ ከ1 ግራም ካለፈ እንዲጻፍ ታስገድዳለች፤ ጃፓን ደግሞ «ሊኖርበት ይችላል» የሚለውን አሻሚ አነጋገር ከልክላ አምራቹ በፋብሪካው የሆነውን እንዲገልጽ ትፈቅዳለች። የስዊዘርላንድ ወሰን ስሜቱ ለበረታ ልጅ ከፍ ያለ ነው፤ ቢሆንም ወሰን መኖሩ በራሱ ወላጁ የሚያነበውን ቃል ትርጉም ያለው ያደርገዋል።

ሕግ ሳይታሰብ የሚገባውን ትቶ ታስቦ የሚገባውን ብቻ ሲቆጣጠር ምን እንደሚከተል በሰሊጥ ታይቷል። በ2021 በአሜሪካ የጸደቀው ሕግ ሰሊጥን ዘጠነኛ የአለርጂ ምንጭ አድርጎ ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ እንዲጻፍ ሲያዝዝ፣ አንዳንድ ዳቦ ጋጋሪዎች ፋብሪካቸውን ከሰሊጥ ቅሪት ከማጽዳት ይልቅ ጥቂት የሰሊጥ ዱቄት በሊጡ ጨምረው በግብዓት ዝርዝሩ ማስፈሩን መረጡ። ሕጉን አልጣሱም፤ ነገር ግን ሰሊጥ የማይስማማቸው ልጆች ለዓመታት የበሉትን ዳቦ በአንድ ጊዜ አጡ። ለእነዚህ ልጆች ሲባል የወጣ ሕግ የሚበሉትን መቀነሱ እጅግ የሚያሳዝን ነው።

በአሜሪካ ለሚኖሩ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ጉዳዩ ሌላ ገጽታም አለው፤ በቤታቸው ከሚበላው ውስጥ ብዙው ጨርሶ መለያ የለውም። ከአገር ቤት በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ሽሮ፣ በሶና በርበሬ የሚፈጨው ለሁሉም እህል በሚያገለግል ወፍጮ ነው፤ ከእነሱ በፊት በዚያ ድንጋይ ኦቾሎኒ ወይም ሰሊጥ አልፎ እንደሆነ የሚያስታውስ የለም። የታሸገ ቅመም እንኳ ሁልጊዜ ዋስትና አይሆንም፤ በ2014 መጨረሻና በ2015 በአሜሪካ ያልተገለጸ ኦቾሎኒ የተገኘበት የተፈጨ ከሙንና ከሙኑ የገባባቸው በርካታ ምርቶች ከገበያ ተሰብስበዋል። የገብስ ቆሎ በባቢሌ ኦቾሎኒ፣ በሱፍና በሽምብራ ተቀላቅሎ ሲቀርብ፣ ልጁ ለውዙን ለቅሞ ቢተወውም ገብሱ የለውዙን ቅርፊትና ዘይት ይዞ ይቀራል። በጾም ወቅት የሚወደደው የለውዝ ሻይ ከተፈላበት ማንቆርቆሪያ የሚቀዳ ሌላ መጠጥም ያው ነው።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ግብጦ ነው። በጎጃምና በአካባቢው ተቆልቶ፣ በውኃ ተዘፍዝፎ መራራነቱ ከወጣ በኋላ እንደ መክሰስ የሚበላው ይህ ፍሬ በእንግሊዝኛ ሉፒን ከሚባለው ተክል ወገን ሲሆን፣ ፕሮቲኑ ከኦቾሎኒ ፕሮቲን ጋር ስለሚመሳሰል የኦቾሎኒ አለርጂ ባለበት ሰው ላይ አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ሉፒንን በግዴታ ከሚጻፉት 14 የአለርጂ ምንጮች አንዱ አድርጎታል፤ በአሜሪካው ዝርዝር ግን የለም። አብሽም እንዲሁ የጥራጥሬ ወገን በመሆኑ ከኦቾሎኒ ጋር የተያያዘ አለርጂ ተመዝግቦበታል። ይህ ማለት የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ልጅ ሁሉ ሽሮና ምስር ይተው ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ ሌላውን ጥራጥሬ ያለ ችግር ይበላሉ። ግብጦንና አብሽን ግን ሐኪሙ ሳይጠይቅ ሊቀር ስለሚችል ወላጁ ራሱ በስም ጠርቶ ማንሣት ይኖርበታል።

ከቤት ውጭ ያለው መክሰስ ደግሞ በሌሎች እጅ ነው። በትምህርት ቤት የልደት ኬክ ሲቆረስ፣ በሃሎዊን ልጆች ቤት ለቤት ከረሜላ ሲለምኑ፣ አለርጂ ያለበት ልጅ ወይ ይከለከላል ወይ ይጋለጣል። ከ2014 ጀምሮ በመላ አሜሪካ የተስፋፋው ልማድ አንድ መልካም አማራጭ አምጥቷል፤ በደጁ ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዱባ ያኖረ ቤት ከከረሜላ ሌላ እርሳስ፣ ተለጣፊ ሥዕል ወይም ትንሽ መጫወቻ እንደሚሰጥ ያሳውቃል። ስለ እጅም ጥናት የሚለው አለ፤ የኦቾሎኒ ቅቤ ከነካ እጅ ላይ ፕሮቲኑን ሳሙናና ውኃ ሲያስወግዱት፣ ውኃ ብቻውን ወይም በየክፍሉ የሚቀመጠው የእጅ ማጽጃ ጄል ግን ቅሪት ይተዋል፤ ጄሉ ጀርምን ይገድል እንጂ ፕሮቲንን አያነሣም።

ለቤት የሚቀርበው አማራጭ ግን ከሚታሰበው በላይ ሰፊ ነው። ስንዴ ለሚስማማው ልጅ ከታሸገ ዱቄት በቤት የተቆላ ዳቦ ቆሎ፣ ከጥሬ በቆሎ የፈነዳ ፈንዲሻ፣ ሙዝና ብርቱካን፣ ለብቻው ታጥቦ በለውዝ ባልተነካ ምጣድ የተቆላ ገብስ ሁሉ የግብዓት ዝርዝራቸው እናቲቱ ራሷ የምታውቀው ነው። በክርስትናም ሆነ በልደት ግብዣ ኦቾሎኒውን ከቆሎው ጋር ከመቀላቀል ይልቅ በሌላ ሳህን፣ ከራሱ ማንኪያ ጋር፣ ከልጆቹ ጠረጴዛ ራቅ አድርጎ ማቅረብ ደግሞ ጋባዡን የሚያስወጣው ነገር የለም፤ እንግዳው አያትም «ብላ እንጂ ልጄ» ብለው ከመዘገናቸው በፊት ወላጆቹን ቢጠይቁ ልጁ ያለ ስጋት አብሮ ይቋደሳል።