የደረታችን ግድግዳ፦ ቅርጹ፣ እንቅስቃሴውና ውጋቱ

ድንገተኛ ውጋት ደረቱን የያዘው ወጣት ሁለት ሐሳቦች ይፈራረቁበታል፤ «ብርድ ነው፣ ያልፋል» የሚለውና «ልቤ ታሞ ይሆን?» የሚለው። በመስታወት ፊት ቆሞ የአንድ ጎኑ የጎድን አጥንት ከሌላው ጎላ ብሎ ካየ ደግሞ ስጋቱ ይበረታል። ለመሆኑ የደረት ግድግዳ እንዴት ይሠራል? ውጋቱስ ከየት ይመነጫል? ጥያቄውን ከፊዚክስ አንጻር እንመልከተው።

የደረት ግድግዳ በ12 ጥንድ የጎድን አጥንቶች የተዋቀረ ነው። የላይኞቹ 7 ጥንዶች በካርቲሌጅ፣ ማለትም በለስላሳ አጥንት፣ አማካይነት በቀጥታ ከደረት አጥንት ጋር ይያያዛሉ። ቀጣዮቹ 3 ጥንዶች ከበላያቸው ካለው ካርቲሌጅ ጋር ሲገናኙ፣ የመጨረሻዎቹ 2 ጥንዶች የፊት ጫፋቸው ነጻ ነው። አየር ስንስብ ድያፍራም ይወርዳል፤ የጎድን አጥንቶችም እንደ ባልዲ እጀታ ወደ ላይና ወደ ውጭ ይነሳሉ። የደረት ይዘት ሲሰፋ በቦይል ሕግ መሠረት የውስጡ ግፊት ይቀንሳል፤ አየርም ይገባል።

በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ያለው ግፊት ከከባቢ አየር በ500 ፓስካል ያህል ያንሳል። ይህ ልዩነት ስፋቱ 0.1 ካሬ ሜትር በሆነ ግድግዳ ላይ 50 ኒውተን ያህል ኃይል ያሳርፋል፤ የ5 ሊትር ውሃ ክብደት መሆኑ ነው። በደቂቃ 14 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው በቀን ከ20,000 ጊዜ በላይ እነዚህን መጋጠሚያዎች ያንቀሳቅሳል። እንዲህ ያለ ዕረፍት የለሽ መዋቅር አልፎ አልፎ ቢቆጣ አያስደንቅም።

ቅርጹም ቢሆን በሁሉም ሰው ዘንድ የተመጣጠነ አይደለም። ከ100 እስከ 200 ሰዎች መካከል አንዱ ገደማ ከአንገት አጥንት የሚነሳ ትርፍ የጎድን አጥንት አለው፤ አብዛኞቹም ይህን ሳያውቁ ይኖራሉ። የደረት አጥንታቸው ወደ ውስጥ የሰረጎደ ሰዎችም አሉ። ሐኪሞች የስርጉደቱን መጠን ለማወቅ የደረትን ውስጣዊ ስፋት በደረት አጥንትና በአከርካሪ መካከል ላለው አጭር ርቀት ያካፍላሉ። ስፋቱ 25፣ ርቀቱ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ውጤቱ 2.5 ነው፤ ይህም የተለመደ ነው። ርቀቱ 7 ቢሆን ግን ወደ 3.6 ይደርሳል፤ ከ3.25 በላይ ሲሆን የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ሊታሰብ ይችላል።

የውጋቱ ምንጭ ብዙ ጊዜ ይኸው ግድግዳ ነው። ካርቲሌጁ ከደረት አጥንት ጋር የሚገናኝበት ስፍራ ሲቆጣ፣ ሲጫኑትና ሲንቀሳቀሱ ያማል። እብጠት ያለበትን ዓይነት ጀርመናዊው ሐኪም ቲትሰ እ.ኤ.አ. በ1921 ገልጾታል። በወጣቶች ዘንድ የሚዘወተር ሌላም ውጋት አለ፤ ተቀምጠው ሳሉ በመርፌ እንደሚወጋ ያለ፣ ትንፋሽ ሲስቡ የሚብስ፣ በሰከንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሚጠፋና ጉዳት የማያስከትል ነው።

ይሁን እንጂ ሲጫኑት የሚያም ሁሉ ከግድግዳው ነው ብሎ መደምደም አይገባም፤ ይህ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ደረትን የሚያፍን፣ በሥራ ወይም በሩጫ ጊዜ የሚመጣ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዛመት፣ ላብ፣ የትንፋሽ እጥረት ወይም ራስን መሳት የተከተለው ሕመም አንዲት ሰዓት እንኳ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ያስኬዳል። ትኩሳት ወይም ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳልም ምርመራ ያሻዋል። «ብርድ ነው» የሚለው ፍርድ ከምርመራ በኋላ እንጂ ከምርመራ በፊት ሊሰጥ አይገባም።