ለዝናብ ውኃ ያልተተወ ቦታ

በአዲስ አበባ ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሳው የጎርፍ ክርክር በሦስት ነገሮች ዙሪያ ይሽከረከራል፦ የዝናቡ ብርታት፣ የቱቦው ጥበትና ቦይ ውስጥ የሚጣለው ቆሻሻ። ሦስቱም እውነት ናቸው። ሠላሳ፣ አርባ ቤት በሚሠሩ የቤት ማኅበራትና አነስተኛ የሪል ስቴት ግቢዎች ግን ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ መሬቱ በወረቀት ላይ ሲሸነሸን ነው።

ቀያሹ የቦታውን ከፍታና ዝቅታ ለክቶ ያስረክባል። መንገዱ ይሰመራል፤ የቀረው መሬት በሙሉ በቤት ቁጥር ተከፋፍሎ አባላት ዕጣ ያወጣሉ። የጎርፍ ማስወገጃው ዲዛይን የሚታሰበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ዝቅተኛው ጥግ፣ ውኃ በተፈጥሮው የሚሰበሰብበት ቦታ፣ የአንድ ሰው ይዞታ ሆኗል። ለመሐንዲሱ የሚቀረው በመንገዱ ዳር ቱቦ ቀብሮ ውኃውን ቶሎ ከአጥር ውጭ ማስወጣት ብቻ ነው።

የጎደለው ቦታ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ስሌቱ ያሳያል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው፤ በ1 ሄክታር ላይ 40 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 400 ሜትር ኩብ ይሆናል። ቦታው ሣር ሳለ ከዚህ የሚፈሰው ሩቡ፣ 100 ሜትር ኩብ ገደማ ነበር። አብዛኛውን ጣሪያና ሲሚንቶ ከሸፈነው በኋላ ወደ 300 ይጠጋል። የተጨመረውን 200 ሜትር ኩብ በአማካይ 20 በ10 ሜትር የሆነ፣ 1 ሜትር የጠለቀ ገንዳ ይይዘዋል፤ ስፋቱ ከአንድ የቤት ቦታ ብዙም አይበልጥም። ዳርና ዳሩ ተዳፋት ሆኖ ሣር ከለበሰ በበጋ ልጆች ይጫወቱበታል፤ በክረምት ውኃውን ይዞ በጠባብ መውጫ ቀስ እያለ ይለቀዋል።

ውኃውን ወደ መሬት ማስረግ ይሻላል የሚለው ምክር በየቦታው አይሠራም። በቦሌና በአቃቂ አካባቢ በስፋት የሚገኘው ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ደግሞ አብጦ ውኃ አያሳልፍም። በመሠረት አጠገብ የማስረጊያ ጉድጓድ መቆፈር ግድግዳ እስከ መሰንጠቅ ያደርሳል። በዚህ አፈር ላይ የሚያዋጣው ይዞ በዝግታ መልቀቅ ነው። አሸዋ ላይ የተነጠፈ ኮብልስቶንም ውኃ የሚያሳልፈው በድንጋዮቹ መሀል ያለው ክፍተት በአሸዋ ሲሞላ ነው። ለንጽሕና ተብሎ በሲሚንቶ ከተደፈነ ከአስፋልት አይሻልም።

ለገንዳ ቦታ ሳይተው ሲቀር ግን ዝቅተኛው ቦታ የደረሰው ባለ ዕጣ ግቢውን በገረጋንቲ ሞልቶ ከፍ ያደርጋል፤ ዙሪያውንም በግንብ ያጥራል። ውኃው ወደ ጎረቤት ይዞራል፣ አለዚያም ከአጥሩ ጀርባ ይታቆራል። ማስወረጃ ቀዳዳ የሌለው የድንጋይ ግንብ ደግሞ ያን ክብደት እንዲሸከም አልተሠራም፤ ሲናድ ከሥሩ ያለውን ቤት ይዞ ነው። ሌላው መዘዝ በየግቢው ይታያል፦ የጣሪያ አሸንዳ ከመጸዳጃ ቤት መስመር ጋር ይገናኝና ዝናብ ሲበረታ የፍሳሽ ማንሆሉ ክዳኑን ገፍቶ ይገነፍላል። ሰፊ ቱቦ መቅበር የጎርፉን ችግር ያቃልላል ማለት ያስቸግራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው እንጦጦ 2,100 ሜትር ገደማ ወደሆነው አቃቂ በምትወርድ ከተማ፣ ከላይ ቶሎ የወጣ ውኃ ከታች ያለው ሰፈር በር ላይ ቶሎ ይደርሳል።

ገንዳው ቢቆፈርም ባለቤት ይፈልጋል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ለኮንዶሚኒየም የጋራ መጠቀሚያዎችን አስተዳደር ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ይሰጣል። እያንዳንዱ አባል የራሱን ካርታ በሚይዝበት ማኅበር ግን ቤቶቹ ተጠናቀው ማኅበሩ ሲበተን ገንዳው ያለ ጠባቂ ይቀራል፤ ክፍት መሬት መስሎ ይታጠራል ወይም ደለል ይሞላዋል። ስለዚህ ቦታው ዕጣ ከመውጣቱ በፊት በሳይት ፕላኑ ላይ የጋራ ተብሎ መሰየም፣ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ደለሉን የሚያስጠርገው ኮሚቴና ወጪውም በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ መስፈር አለባቸው።