የሩቅ ዓይንና የሩቅ እጅ፦ ስካዳ በታላላቅ የቴክኒክ ተቋማት

ስሙ የከብት ገበያን የሚያስታውሰው ሰንጋ ተራ ዛሬ የባንኮችና የመድን ድርጅቶች ረጃጅም ሕንፃዎች የተሰለፉበት ሰፈር ሆኗል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ቁመቱ ከ200 ሜትር የሚበልጠው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ቆሟል። ከሜክሲኮ አደባባይ ወደ ልደታ ደግሞ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር መስመር በድልድይ ላይ ያልፋል። በእነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ ውኃ ወደ ላይኞቹ ፎቆች የሚወጣው በፓምፕ ነው፤ ሰውም የሚወጣው በአሳንሰር ነው። ባቡሩ የሚንቀሳቀሰው ከበላዩ ከተዘረጋው ሽቦ በሚያገኘው የ750 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ነው። የዚህ ኃይል አብዛኛው የሚመጣው ከሩቅ፣ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች ከሚቆጠር ርቀት ነው።

እንግዲህ በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ባለሙያ በሩቅ አገር ያለ ተርባይን ምን እየሆነ እንዳለ በምን ያውቃል? ያወቀው ነገር እውነት መሆኑንስ በምን ያረጋግጣል? የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይጠየቃል፤ ሁለተኛው ግን ይዘነጋል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም እንመለከታለን።

ስካዳ ምንድን ነው?

ስካዳ የሚለው ስያሜ ከአምስት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት የተገጣጠመ ሲሆን፣ በአማርኛ «የበላይ ቁጥጥርና የመረጃ ማሰባሰቢያ ሥርዓት» ልንለው እንችላለን። ሥርዓቱ አራት ክፍሎች አሉት። አንደኛው በመስክ ላይ ያሉት መለኪያዎችና አንቀሳቃሾች ናቸው፤ ሙቀትን፣ ግፊትን፣ የውኃ ከፍታን፣ ቮልቴጅንና ጅረትን ይለካሉ፤ ቫልቭ ይከፍታሉ፤ ብሬከር ይዘጋሉ። ሁለተኛው ልኬቶቹን በየቦታው የሚሰበስበውና አነስተኛ ውሳኔዎችን እዚያው የሚወስነው ኮምፒዩተር ነው። ሦስተኛው መልእክቱን የሚያጓጉዘው የመገናኛ መስመር፣ አራተኛው ደግሞ መረጃው ሁሉ ተሰብስቦ በሥዕልና በቁጥር የሚታይበት ማዕከላዊ የመቆጣጠሪያ ክፍል ነው። ተመሳሳይ አሠራር በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሲዘረጋ የሕንፃ አስተዳደር ሥርዓት ተብሎ ይጠራል።

«የበላይ» የሚለው ቃል በከንቱ የገባ አይደለም። በትልቅ ድግስ አጋፋሪው ራሱ ወጥ አይሠራም፣ ጠላም አይቀዳም፤ የቱ ማዕድ እንደ ጎደለ እያየ ሥራውን ለባለሥራው ያዝዛል። ስካዳም እንዲሁ ነው። ፓምፑን በየቅጽበቱ የሚያስነሳና የሚያቆም በአጠገቡ ያለው ተቆጣጣሪ መሣሪያ ነው። ማዕከሉ ግን የውኃው ከፍታ ምን ያህል ይሁን ብሎ ያዝዛል፤ ትእዛዙ መፈጸሙንም ይከታተላል።

የአንድ ቁጥር ጉዞ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ቁጥር ከመስክ ተነሥቶ እስከ ማዕከሉ ድረስ የሚያደርገውን ጉዞ እንከተል። በአንድ የማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ እስከ 800 አምፔር የሚሸከም የ15 ኪሎ ቮልት መስመር አለ እንበል። ይህን ያህል ጅረት በቀጥታ ወደ መለኪያ ማስገባት አደገኛ ስለሆነ፣ በመጀመሪያ የጅረት ትራንስፎርመር 800 አምፔሩን ወደ 5 አምፔር ያወርደዋል። ከዚያም ሌላ መሣሪያ ይህን ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ወደሚደርስ ደካማ ምልክት ይለውጠዋል። በመስመሩ ላይ 400 አምፔር ሲፈስ ምልክቱ በመካከሉ 12 ሚሊአምፔር ይሆናል፤ 800 ሲሆን 20፤ ምንም ሳይፈስ ሲቀር ደግሞ 4 ይሆናል።

እዚህ ላይ አስተዋይ ተማሪ «ዜሮን ለማመልከት ስለምን ዜሮ ሚሊአምፔርን አልተጠቀሙም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ የዚህ ሙያ ቁልፍ ሐሳብ ነው። ዜሮ በዜሮ ቢወከል ኖሮ፣ ጅረት የሌለበት መስመርና የተበጠሰ የመለኪያ ሽቦ በማዕከሉ ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት ሆነው በታዩ ነበር። አሁን ግን 4 ሚሊአምፔር «መስመሩ ባዶ ነው» ሲል፣ ዜሮ ሚሊአምፔር «ወሬ የሚነግርህ የለም» ይላል። በባዶነትና በዝምታ መካከል ያለው ልዩነት በእነዚህ 4 ሚሊአምፔሮች ተጠብቋል።

የብሬከር ሁኔታም በተመሳሳይ ጥንቃቄ ይነገራል። ብሬከሩ ክፍት መሆኑን አንድ የኤሌክትሪክ መንኪያ፣ ዝግ መሆኑንም ሌላ መንኪያ ለየብቻ ያመለክታሉ። አንዱ ብቻ «አዎን» ካለ ሁኔታው ታወቀ ማለት ነው። ሁለቱም «አይደለም» ካሉ ብሬከሩ በመንቀሳቀስ ላይ ነው ወይም በመንገድ ላይ ቀርቷል። ሁለቱም «አዎን» ካሉ ደግሞ ከምልክት ሰጪዎቹ አንዱ ተበላሽቷል። በዘመናዊ ጣቢያዎች ልኬቱ ገና ከመነሻው ወደ ዲጂታል ይለወጣል፤ ቢሆንም መርሆው አልተለወጠም። እያንዳንዱ ቁጥር የተለካበትን ሰዓትና ሊታመን የሚችል መሆን አለመሆኑን የሚገልጽ ምልክት ይዞ ይጓዛል።

ሚሊሰከንድ፣ ሰከንድ፣ ደቂቃ

ብዙዎች አደጋ ሲደርስ መስመሩን የሚያቋርጠው በመቆጣጠሪያ ክፍል ያለው ሰው ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። በአገራችን የኤሌክትሪክ ሞገድ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ አንዱ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በከፍተኛ መስመር ላይ ሾርት ሲፈጠር፣ በጣቢያው ውስጥ ያለው ሪሌይ ማንንም ሳይጠይቅ ብሬከሩን ያዝዛል፤ ጉዳቱም በ100 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ ማለትም በ5 ዙር ውስጥ ይገለላል። ወሬው ማዕከሉ ደርሶ በስክሪን ላይ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ነው። ለመዘግየቱ ምክንያቱ ርቀቱ አይደለም፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ 600 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሚሊሰከንድ ይበቃዋል። ጊዜውን የሚወስደው መረጃውን በየተራ መሰብሰቡ፣ ማጣራቱና ማሳየቱ ነው። ባለሙያው አይቶ፣ አመዛዝኖና ከባልደረባው ጋር ተማክሮ እስኪወስን ደግሞ ደቂቃዎች ያልፋሉ።

ስለዚህ ሥራው በፍጥነት ተከፋፍሏል፤ ሚሊሰከንዱ የሪሌይ፣ ሰከንዱ የስካዳ፣ ደቂቃው የሰው ነው። የመገናኛ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ ሪሌዩ ሥራውን መቀጠል አለበት። የአካባቢውን ጥበቃ በሩቅ ማዕከል ላይ የሚያንጠለጥል ንድፍ መጥፎ ንድፍ ነው።

ከጉባ እስከ ሰንጋ ተራ

ይህ የሥራ ክፍፍል በብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ ላይ ጎልቶ ይታያል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በ13 ተርባይኖች 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ኃይሉ ከጉባ ተነሥቶ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ በኩል ሆለታ ይደርሳል። በኦሞ ወንዝ ላይ ያለው የግልገል ጊቤ 3 ጣቢያም በ1,870 ሜጋ ዋት አቅሙ የዚሁ መረብ አካል ነው።

ኤሌክትሪክ በብዛት ተከማችቶ ስለማይቀመጥ፣ የሚመነጨውና የሚበላው በየቅጽበቱ እኩል መሆን አለበት። የሚዛኑ ምላስ ፍሪኩዌንሲ ነው። ፍጆታው ከምርቱ ሲበልጥ ተርባይኖቹ ሁሉ በአንድነት ይዘገያሉ፤ ፍሪኩዌንሲውም ከ50 ኸርዝ በታች ይወርዳል። የተረጋጋ መረብ በአንድ ምት ስለሚንቀሳቀስ፣ በሰንጋ ተራ ሶኬት ላይ የሚለካው ፍሪኩዌንሲ በጉባ ከሚለካው ጋር አንድ ነው።

ከሕዳሴው ግድብ ተርባይኖች አንዱ፣ 400 ሜጋ ዋት እያመነጨ ሳለ በድንገት ቆመ እንበል። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሌሎቹ ተርባይኖች የፍጥነት መቆጣጠሪያዎች ራሳቸው ውኃ ይጨምራሉ። ፍሪኩዌንሲው ከተወሰነ ልክ በታች ከወረደ፣ በየጣቢያው ያሉ ሪሌዮች አስቀድሞ የተመረጡ መስመሮችን ያቋርጣሉ፤ የተቀረው መረብ እንዲተርፍ ጥቂት ሰፈሮች ይጨልማሉ። ከዚያ በኋላ የብሔራዊው የኃይል መቆጣጠሪያ ማዕከል ተራ ይመጣል። የትኛው ጣቢያ ትርፍ አቅም አለው? የትኛው መስመር ሊጫንበት ይችላል? የተቋረጡት ሰፈሮች በምን ቅደም ተከተል ይመለሱ? በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው ኮርፖሬሽን ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ ማመንጨቱና ማስተላለፉ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኞች ማከፋፈሉ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሥራ ነው። ስለዚህ የሁለቱ ተቋማት ባለሙያዎች አንድ ዓይነት እውነት ማየታቸው የግድ ነው።

ዝምታ ሲያታልል

የስካዳ ዓይን ሲታመም ምን ሊከተል እንደሚችል የዓለም ታሪክ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1979 በአሜሪካ የስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ጣቢያ አንድ ቫልቭ ሳይዘጋ ቀረ። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ የነበረው መብራት ግን ያሳይ የነበረው የመዝጊያ ትእዛዙ መተላለፉን እንጂ ቫልቩ በእርግጥ መዘጋቱን አልነበረም። ባለሙያዎቹ ተዘግቷል ብለው አመኑ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ የማቀዝቀዣው ውኃ ሲፈስ ቆየ፤ የኑክሌር ነዳጁም በከፊል ቀለጠ።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2003 ደግሞ በኦሃዮ ግዛት በአንድ የመቆጣጠሪያ ማዕከል የማስጠንቀቂያ ፕሮግራሙ ድምፁን ሳያሰማ ቆመ። መስመሮች ከዛፍ ጋር እየተነካኩ ሲወድቁ ደወል አልጮኸም። ባለሙያዎቹም ደወል ስላልሰሙ ሁሉ ሰላም መሰላቸው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ ያለ መብራት ቀረ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በመቆጣጠሪያ ክፍል ግን ዝምታ መመርመር ያለበት ነገር ነው።

የሩቁ እጅም ወደ ሌላ ሰው ሊያልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 2015 በዩክሬን ሰርጎ ገቦች ወደ ስካዳው ገብተው ብሬከሮችን ከፈቱ፤ 225,000 ያህል ደንበኞችም ጨለማ ውስጥ ገቡ። ኃይሉ በሰዓታት ውስጥ የተመለሰው ሠራተኞች በየጣቢያው ሄደው ብሬከሮቹን በእጃቸው ስለዘጉ ነው።

ከመሣሪያው ባሻገር

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንማረው፣ የስካዳ ጥራት በስክሪኑ ስፋት ወይም በቀለሙ ድምቀት እንደማይለካ ነው። መለኪያው በጊዜው ተስተካክሏል ወይ? የየጣቢያው ሰዓት እኩል ይቆጥራል ወይ? ዋናው ኃይል ሲጠፋ መገናኛውን የሚያቆየው ባትሪ ተፈትሿል ወይ? የማስጠንቀቂያው ሥርዓት ራሱ በሕይወት መኖሩን የሚጠይቅ ሌላ ሥርዓት አለ ወይ? ኮምፒዩተሩ ቢቋረጥ በእጅ መሥራት የሚችል ሰው በቦታው ይገኛል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ከውድ መሣሪያ ይልቅ ትጉህ ባለሙያን የሚሹ ናቸው።

ግድቡና መስመሩ ከተሠሩ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የሚቀረው ሥራ ይኸው ነው። ሥራውም ዛሬ በትምህርት ገበታ ላይ ያሉ ወጣቶችን ይጠብቃል። የኤሌክትሪክ፣ የኮምፒዩተር ወይም የፊዚክስ ተማሪ በቤተ ሙከራ ዜሮ የሚል ንባብ ባየ ጊዜ ወዲያው በደብተሩ ከመጻፉ በፊት «ይህ ባዶነት ነው ወይስ ዝምታ?» ብሎ መጠየቅን ከለመደ፣ ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ የሚያስፈልገውን የመጀመሪያውን ትምህርት አግኝቷል።