ካቡ የት ይቁም? መረጃ፣ ንድፍና ምህንድስና በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች

በደብረ ታቦር ዙሪያና በመላው የደቡብ ጎንደር ደጋ ከጥንቱ አገር በቀል ደን የተረፈው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው ነው። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባውና ኮሶው በእርሻና በግጦሽ መሬት ተከቦ፣ ከአየር ሲታይ በሰፊ ሜዳ ላይ የተበተነ አረንጓዴ ነጥብ ይመስላል። በዞኑ ከ1,000 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ደኖች ይገኛሉ። እነርሱን ለመጠበቅ ከተሞከሩት መንገዶች አንዱ ደኑን በድንጋይ ካብ መክበብ ሲሆን፣ የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናትና ከምእመናን ጋር በመሆን በዚህ ሥራ ይታወቃሉ።

ካብ ተራ ነገር ይመስላል። ሆኖም የትኛው ደን ይቅደም፣ መስመሩ በየት ይለፍ፣ በሩ የት ይከፈት፣ ድንጋዩስ ከየት ይምጣ ለሚሉት ጥያቄዎች አንድ ሙያ ብቻውን የተሟላ መልስ የለውም። የዳታ ሳይንስ፣ ንድፍና ምህንድስና የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ደኖቹ በእርግጥ እየጠበቡ መሆን አለመሆናቸው ነው። ለዚህ መልስ ለመፈለግ ያስቻለው ከጣሊያን ወረራ ዘመን የተረፈ የፎቶግራፍ ክምችት ነው። በዚያን ጊዜ ለካርታ ሥራ የተነሡ ከ8,000 በላይ የአየር ፎቶግራፎች በኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ተቀምጠው ተገኝተዋል። በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አንድ በቀጥታ ወደ ታች የተነሣ ምስል ከሦስት ያዘነበሉ ምስሎች ጋር ተለጥፏል። ያዘነበለ ምስል የቅርቡን አጉልቶ የሩቁን ስለሚያሳንስ፣ ዛሬም በቦታቸው ካሉ ምልክቶች ጋር እየተዛመደ ካልተስተካከለ ስፋት አይለካበትም። እ.ኤ.አ. የ1938 ምስሎች ከ2015 የሳተላይት ምስሎች ጋር ሲነጻጸሩ፣ የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች በቦታቸው ጸንተው መቆየታቸው ታየ። ይልቁንም የተመናመነው ቀድሞ በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦና ዛፍ ነው።

ውጤቱ የሚያጽናና ቢሆንም፣ ስፋት ብቻውን የደንን ጤንነት አይናገርም። ሳተላይት የሚያየው የዛፉን አናት እንጂ ከሥሩ ችግኝ መኖር አለመኖሩን አይደለም፤ በዳር የተተከለ ባሕር ዛፍም በአረንጓዴነት መለኪያ ከአገር በቀሉ ጋር ተደምሮ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ መሬት ላይ የሚሰበሰብ መረጃ የግድ ይሆናል። ዶክተር ዓለማየሁ እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድ ዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናት ሥር 28 ደኖች ተመርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተመዝግቧል። ከብት እንዳይገባባቸው በታጠሩና ባልታጠሩ ቦታዎች ላይ የተደረገው ሙከራም ግጦሽ የዘርን መብቀልና የችግኝን መትረፍ ክፉኛ እንደሚጎዳ አሳይቷል። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግልጽ ነው፦ በምስል ላይ ምንም ያልጎደለው ደን፣ ያረጁት ዛፎች ሲወድቁ የሚተካቸው የሌለበት ሊሆን ይችላል።

ቀጣዩ ጥያቄ የቅድሚያ ነው። ከ28ቱ ደኖች ትንሹ 1.6 ሄክታር፣ ትልቁ 100 ሄክታር ያህል ይሸፍናል። ሁለቱም ክብ ናቸው ቢባል፣ ትንሹን ለመክበብ 450 ሜትር ያህል፣ ትልቁን ለመክበብ ደግሞ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ካብ ያስፈልጋል። በሄክታር ሲሰላ ግን ትንሹ 280 ሜትር፣ ትልቁ 35 ሜትር ይወስዳል፤ ልዩነቱ ስምንት እጥፍ ነው። በወጪ ብቻ ከታየ ትልቁ ይቀድማል። በሌላ በኩል፣ ከዳር እስከ 20 ሜትር ያለው ክፍል ለፀሐይ፣ ለነፋስና ለከብት የተጋለጠ ነው ተብሎ ቢታሰብ፣ ከትንሹ ደን ግማሽ ያህሉ፣ ከትልቁ ግን 7 በመቶ ያህሉ ብቻ በዚህ ክልል ይወድቃል። በአደጋ መጠን ከታየ ትንሹ ይቀድማል። ስሌቱ ምርጫውን ግልጽ ያደርጋል እንጂ አይወስንም፤ ውሳኔው በደኑ ውስጥ ያሉትን ብርቅዬ ዛፎችና የአጥቢያውን ፈቃደኝነት ማካተት አለበት።

መስመሩን ማስመር የንድፍ ሥራ ነው። የአካባቢው ክብ አብያተ ክርስቲያናት ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ እያሉ ወደ ውስጥ የሚጠልቁ ክበቦች አሏቸው። ደኑ የዚህ ሥርዓት ውጫዊ ክበብ ተደርጎ ሲታሰብ፣ ካቡ ከውጭ የመጣ አጥር ሳይሆን የነባሩ ቅጽር ቅጥያ ይሆናል። ካቡ ከዛፎቹ ግንድ ሥር ቢቆም ለአዲስ ችግኝ ቦታ አይኖርም፤ ጥቂት ሜትር ወጣ ቢል ደኑ ይሰፋል፣ ያ መሬት ግን የገበሬ እርሻ ነው። ስለዚህ መስመሩ በጂፒኤስ ከመለካቱ በፊት ከባለ መሬቱ ጋር ስምምነት ሊደረስበት ይገባል። በሮቹም ምእመናን ለቅዳሴና ለቀብር በሚመላለሱባቸው ነባር መንገዶች ላይ ካልተከፈቱ ካቡ መጣሱ አይቀርም።

በግንባታው በኩል ያለ ሲሚንቶ የሚደረደር ካብ ለአካባቢው ይስማማል። የክረምቱ ጎርፍ በድንጋዮቹ መካከል ስለሚያልፍ ውኃ ከኋላው ታቁሮ አይገፋውም። ዋልካ አፈር በክረምት ሲያብጥ በበጋ ሲሰነጠቅ፣ በሲሚንቶ የተያያዘ ግንብ ይተረተራል፤ ካብ ግን ከአፈሩ ጋር ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ የፈረሰውንም ገበሬው ራሱ መልሶ ይክበዋል። መሠረቱ ሰፋ፣ አናቱ ጠበብ ማለቱና ረጃጅም ድንጋዮች ሁለቱን ገጽ እንዲያያይዙ መደረጉ ግን ሊዘለል አይገባም።

ድንጋዩ ከዙሪያው እርሻ መለቀሙ ማረሻን ስለሚያቀል ለገበሬው ጥቅም አለው። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በትግራይ ደጋ የተደረገ ጥናት ከማሳ ላይ ድንጋይ ሲለቀም የአፈር መሸርሸር እንደሚጨምር አሳይቷል። ትልልቁን ለካብ ወስዶ ጠጠሩን በማሳው መተው ሁለቱን ፍላጎት ያስታርቃል።

ካብ ከብትን ይከለክላል፤ በውስጥ የሚስፋፋውን ግንባታ፣ መንገድና መቃብር ግን አያግድም። በመሆኑም ሥራው በካቡ መጠናቀቅ አያበቃም። ካቡ ከመቆሙ በፊት በደኑ መካከልና በዳሩ ቋሚ የናሙና ቦታዎች ተለይተው ችግኞች በየዓይነታቸው መቆጠር፣ ካብ በሌለው አቻ ደን ውስጥም ተመሳሳይ ቆጠራ መካሄድ፣ ሁለቱም በየዓመቱ በአንድ ወቅት መደገም አለባቸው። ካቡ ዓላማውን መምታቱ የሚታወቀው፣ ዛሬ የተቆጠረው የጥድና የወይራ ችግኝ ከዓመታት በኋላ ወጣት ዛፍ ሆኖ በዚያው መዝገብ ላይ ሲገኝ ነው።