ሴፍቲኔትና የልጆች ዕጣ

ጥር ሲገባ በወሎም ሆነ በደቡብ ጎንደር ምግብ በማይበቃቸው ቀበሌዎች ገበሬው ዶማና አካፋውን ይዞ ወደ ተራቆተው ተራራ ይወጣል። እርከን ይሠራል፣ ቦረቦሩን በክትር ይገድባል፣ የችግኝ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ የገጠር መንገድ ይጠርጋል። ሥራውንም ክፍያውንም ሁሉም «ሴፍቲኔት» ይለዋል፤ በሰነድ ላይ ስሙ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው።

ፕሮግራሙ የተጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የደረሰው ድርቅ ወደ 13 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እጁን ለእርዳታ እንዲዘረጋ አድርጎ ነበር። መንግሥትና ለጋሾች ዝናብ በቀረ ቁጥር ከሚደረግ የእርዳታ ጥሪ ይልቅ በየዓመቱ ጎተራው የሚራቆትበትን ቤተሰብ አስቀድሞ መዝግቦ በመደበኛነት መደገፍ ይሻላል ብለው ተስማሙ። ሲጀመር ወደ አምስት ሚሊዮን ሰው ነበር የያዘው፤ በኋላ ቁጥሩ ከሰባት ሚሊዮን አለፈ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ የተመዘገበ የቤተሰብ አባል በወር አምስት የሥራ ቀን ይያዛል። ክፍያው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር፤ ስለዚህ ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 180 ብር ወይም 90 ኪሎ እህል ያገኝ ነበር። ጡት የሚጠባውም ሕፃን ይቆጠራል። የእሱን ቀን ግን የሚሠሩለት አባትና እናቱ ናቸው። ሠርቶ ማደር የማይችሉ አረጋውያን፣ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ በሚባለው በኩል ያለ ሥራ ይከፈላቸዋል።

የልጆች ነገር የሚመጣው እዚህ ስሌት ውስጥ ነው። ባሏ የሞተባትና አራት ልጆች የምታሳድግ እናት በአምስት ነፍስ ሒሳብ ብዙ የሥራ ቀን ይጻፍላታል። ማለዳ ዶማዋን ይዛ ስትወጣ ውኃ የሚቀዳ፣ ከብት የሚያወጣ፣ ጨቅላውን አዝሎ የሚያባብል ሰው ያስፈልጋል። ሥራው የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በስምንት ወይም በዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ትከሻ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱም የሚከፈተው በዚያው ሰዓት ነው።

ይህ በጥናትም ታይቷል። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ባለሙያዎች፣ ጆን ሆዲኖት፣ ዳንኤል ጊሊጋንና አለማየሁ ሥዩም፣ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት መረጃ መርምረው ነበር። ከስድስት እስከ 16 ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆች በእርሻ ላይ የሚያሳልፉት ሰዓት ቀንሷል። ክፍያ በመደበኛነት በሚደርስባቸው ቤቶች ትንንሾቹ ወንዶች ትምህርት ቤት መገኘታቸው ጨምሯል። ከ11 ዓመት በላይ የሆናቸው ሴቶች ልጆችም የሥራ ጫናቸው ቀለል ብሏል። ከስድስት እስከ 10 ዓመት ያሉት ሴቶች ልጆች ትምህርት ላይ መገኘታቸው ግን በአማካይ ወርዷል። አንድ ቤት ውስጥ የገባ ያው ብር ወንድምየውን ከሞፈር ሲያሳርፍ ታናሽ እህቱን ከምድጃ ጋር ሊያስቀራት ይችላል። የድህነት ፕሮግራም የሚነድፍ ሰው ከሁሉ በፊት ሊያየው የሚገባው ይህንን ነው።

ሌላው ውጤት ደግሞ ተስፋ የሚሰጥ ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ 18 ካደረገ በኋላም በገጠር ልጅን ያለ ዕድሜዋ መዳር አልቆመም፤ ጥር ደግሞ ዋነኛው የሠርግ ወር ነው። ሆዲኖትና ፀዳይ መካሻ እ.ኤ.አ በ2020 ባወጡት ጥናት በሴፍቲኔት የታቀፉ ቤቶች የቤተሰብ ቁጥር ከፍ ማለቱን አገኙ። የተወለደ ሕፃን በዝቶ አይደለም። ከ12 እስከ 18 ዓመት ያሉ ሴቶች ልጆች ከቤት ሳይወጡ መቆየታቸው ነው። ቶሎ አልተዳሩም፣ ለሥራም ወደ ሌላ ቦታ አልሄዱም። የሚበላ ካለ ልጅቷን ለመዳር የሚያጣድፍ አንዱ ምክንያት ይቀንሳል።

አንዱ ብቻ ነው ግን። ዩኒሴፍ በአማራ ክልል ያስጠናው ጥናት እንደሚያሳየው «ቆማ ትቀራለች» የሚለውን ፍርሃትና የጎረቤቱን ዓይን ብር ብቻውን አያሸንፈውም። ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ የሚነጋገር ሰው ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ በ2015 የጀመረው አራተኛው ምዕራፍ ወደዚህ አቅጣጫ አዘነበለ። ነፍሰ ጡር ሴት እርግዝናዋ በጤና ባለሙያ ሲረጋገጥ ከዶማው እንድትላቀቅና ልጇ ዓመት እስኪሞላው ያለ ሥራ እየተከፈላት እንድትቆይ ተደረገ። ሴቶች ከወንዶች ያነሰ ሰዓት እንዲሠሩ፣ በሥራው ቦታም የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር በመመሪያው ተጻፈ። በሊቦ ከምከምና በደዋ ጨፋ ወረዳዎች በተሞከረው ፕሮጀክት ደግሞ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ቤተሰቦችን ከማኅበረሰብ ጤና መድን ጋር አገናኝተዋል። የአንድ ሰው ሕመም ላም አሽጦ ልጅን ከትምህርት ቤት በሚያስወጣበት አገር ይህ የልጅ ጥበቃ ሥራ ነው።

የፕሮግራሙ የቆየ ቁስል የክፍያ መዘግየት ነው። የጥር ደመወዝ መጋቢት ላይ ሲደርስ ቤተሰቡ ቀድሞ በአራጣ ተበድሯል፣ ወይም ፍየሏን ሸጧል፣ ወይም ልጁን ለዓመት በእህል ለእረኝነት አስቀጥሯል። ብሩ ሲመጣ ዕዳው ይከፈል ይሆናል፤ የተቀጠረው ልጅ ግን ዓመቱ ሳያልቅ አይመለስም። እንደ ኤም ብር ያሉ የሞባይል ክፍያዎች በአንዳንድ ወረዳዎች ገብተው ተጠቃሚው ወደ ክፍያ ጣቢያ የሚያደርገውን የረጅም ሰዓት ጉዞ አሳጥረውለታል። በጀቱ ከላይ ዘግይቶ ሲለቀቅ ግን ስልኩም ያው ከመጠበቅ ሌላ የሚያደርገው ነገር የለም።