የአእዋፍ ምልከታና የባሕር ዳርቻ ሐይቆች ውሃ፦ የኢችከል ሐይቅ ተሞክሮ



ስለ ተፈጥሮ ቱሪዝም በሚጻፉ ሰነዶች ውስጥ እየተደጋገመ የሚመጣ አንድ አባባል አለ። ወፎቹን ለማየት ጎብኚ ይመጣል፤ ጎብኚው ገንዘብ ያመጣል፤ ገንዘቡም ሐይቁን ያድናል ይባላል። ዛሬ ይህን አባባል በአንድ ሐይቅ ላይ ልፈትነው እሻለሁ። ሐይቁ በሰሜን ቱኒዚያ፣ ከቢዘርት ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኘው ኢችከል ነው።

ኢችከል ከሜዲትራኒያን ባሕር ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ቲንጃ በተባለ አጭር የውሃ መውረጃ ከቢዘርት ላጉን ጋር ይያያዛል፤ ላጉኑ ደግሞ ከባሕሩ ጋር ይገናኛል። በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ 511 ሜትር ከፍታ ያለው የኢችከል ተራራ ቆሟል። ከዚያ ላይ የተቀመጠ ተመልካች ሐይቁንና በዙሪያው ያለውን ረግረግ በአንድ እይታ ያገኛል። ለአእዋፍ ተመልካች ከዚህ የተሻለ መቀመጫ ማግኘት ያዳግታል።

የሐይቁ ሕይወት የተመሠረተው በወቅቶች መፈራረቅ ላይ ነው። በዚያ አገር ዝናብ የሚዘንበው በቀዝቃዛዎቹ ወራት ነው፤ እኛ በጋ የምንለው ጊዜ ማለት ነው። በእነዚህ ወራት ወንዞች ሐይቁን በጣፋጭ ውሃ ይሞሉታል፤ ትርፉም በቲንጃ በኩል ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ሙቀቱ ሲበረታ ውሃው ይተንናል፣ ሐይቁም ዝቅ ይላል፤ በዚህ ጊዜ ፍሰቱ አቅጣጫውን ይለውጥና ጨዋማው ውሃ በዚያው በቲንጃ ተመልሶ ይገባል። ይህን መፈራረቅ የሚችሉ ተክሎች አሉ። አንዱ ፖታሞጌቶን የተባለው፣ ከውሃው በታች የሚበቅለው ቀጭን ሣር ሲሆን፣ ዳክዬዎች ይመገቡታል። ሌላው በረግረጉ ላይ የሚበቅል የቄጠማ ዘመድ ነው፤ ዝይዎች ሥሩን በመንቁራቸው ቆፍረው ይበሉታል። ብርድን ሸሽተው ከአውሮፓ የሚመጡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የውሃ ወፎች ኢችከል ላይ ያርፉ የነበረው ለእነዚህ ሁለት ተክሎች ሲሉ ነው ቢባል እጅግም ማጋነን አይሆንም።

ሐይቁ ክብር አልተነፈገውም። እ.ኤ.አ. በ1977 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነ፤ በ1980 ደግሞ በዓለም ቅርስነትና በራምሳር ስምምነት መዝገብ ሰፈረ። ሆኖም በእነዚያው ዓመታት ወደ ሐይቁ በሚፈስሱት ወንዞች ላይ ግድቦች ይሠሩ ጀመር፦ ጁሚን በ1983፣ ገዛላ በ1984፣ ሰጅናን በ1994። የግድቦቹ ዓላማ የሚነቀፍ አልነበረም። ቱኒዚያ ውሃ የሚያጥራት አገር ናት፤ ከተሞቿ መጠጣት፣ እርሻዋም መልማት ነበረበት። ይሁን እንጂ ጣፋጩ ውሃ ሲቀንስ ጨዋማው በሐይቁ ውስጥ ሰነበተ። ፖታሞጌቶኑ ተመናመነ፣ ቄጠማው ደረቀ፣ ዝይዎቹም ቁጥራቸው አሽቆለቆለ። በ1996 ኢችከል አደጋ በተጋረጠባቸው የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። (በዚያው ዓመት የእኛው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በዚሁ ዝርዝር ውስጥ መግባቱን ታስታውሳላችሁ።)

እንግዲህ አባባሉን እንፈትነው። ጎብኚው የመግቢያ ክፍያውን የሚከፍለው በፓርኩ በር ላይ ነው። የውሃው ድርሻ የሚወሰነው ግን ከዚያ ርቆ፣ ግድቡን በሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። የበሩ ገንዘብ ለጥበቃ ሠራተኛ ደመወዝ፣ ለመንገድና ለመመልከቻ ማማ ይበቃ ይሆናል፤ አንዲት ባልዲ ውሃ እንኳ ከግድብ አያስለቅቅም። ኢችከል ያገገመውም በጎብኚ ገንዘብ አይደለም። ከ2002 ወዲህ ጥሩ ዝናብ ጣለ፣ ከግድቦቹ ለሐይቁ ውሃ ተለቀቀ፣ በቲንጃ ላይ የተሠራው የውሃ መቆጣጠሪያ በርም ሥራ ላይ ዋለ። ጨዋማነቱ ቀነሰ፣ ወፎች ተመለሱ፤ በ2006 ሐይቁ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ።

ታዲያ የአእዋፍ ምልከታ ከንቱ ነውን? እኔ እንደዚያ አላምንም፤ ጥቅሙን የፈለግነው ግን በተሳሳተ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ በጃንዋሪ አጋማሽ ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቆጠራ ይካሄዳል። ከቆጣሪዎቹ ብዙዎቹ ደመወዝ የማይከፈላቸው፣ ወፍ ማየት የሚወዱ ሰዎች ናቸው። አንድ ሰው አንድ ቀን ያየው ወፍ ትዝታ ነው፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ወቅት፣ ለ20 ዓመት የተቆጠረ ወፍ ግን ማስረጃ ይሆናል። የውሃ ድርሻ በሚደለደልበት ጠረጴዛ ላይ ሐይቁን ወክሎ ሊናገር የሚችለው ይህ ማስረጃ ነው።

የእኛ አቢጃታ ባሕር የማያውቀው፣ መውጫም የሌለው ሐይቅ ነው፤ ችግሩ ግን ከኢችከል ጋር ይዛመዳል። መጋቢው የቡልቡላ ወንዝ ነው፤ የወንዙ ውሃ ከላይ ለመስኖ፣ የሐይቁም ውሃ ለሶዳ አሽ ማምረቻ ሲቀዳ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዉም በረታ። ዓሣው ጠፋ። በጎረቤቱ ሻላ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ምግባቸውን ይለቅሙ የነበረው ከአቢጃታ ስለሆነ፣ ሌላ ሐይቅ ፍለጋ ርቀው ለመብረር ተገደዱ። ፍላሚንጎ ግን ዓሣ በማይኖርበት ጨዋማ ውሃም ይመገባል። ስለዚህ ዳርቻው በፍላሚንጎ ተሸፍኖ የሚያይ ጎብኚ በሐይቁ ውበት ረክቶ፣ ሐይቁም ደኅና መስሎት ሊመለስ ይችላል። ፎቶግራፉ አይዋሽም፤ የጠፋውን ፔሊካን ግን አያሳይም።

ለመስክ ጉዞ ስንወጣ በደብተራችሁ ላይ ከወፎቹ ስም በፊት ሌላ ነገር እንድትጽፉ የማስገድዳችሁ በዚህ ምክንያት ነው። በዳርቻው ካለ፣ ከማይንቀሳቀስ አንድ ድንጋይ ተነሥታችሁ እስከ ውሃው ጠርዝ ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ፤ ቀኑን ጻፉ። ያያችሁትን ብቻ ሳይሆን ጠብቃችሁ ያጣችሁትንም መዝግቡ። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ተማሪ ከዚያው ድንጋይ ይጀምራል።